ቀን የሚወረወሩ ኮከቦች



ሰሞኑን አንዲት ተማሪያችን ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ማታ ደጅ ሳለች ኮከብ ሲወረወር አይታ ለአያቷ ብትነግራቸው፣ «የሰው ነፍስ ወጣች ማለት ነው» አሏት። አባቷ ደግሞ ታመው ተኝተዋል። «ኡስታዝ፣ እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችን። የሰጠናትን መልስ ለእናንተም ልናካፍል ወደድን።

«ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው ኮከብ አይደለም። አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ የጠፈር ብናኝ ነው። በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ መጥቶ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ግሎ ይተናል። በመንገዱም ኤሌክትሪክ ያዘለ ቀጭን ዱካ ይተዋል። ዱካው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ቢጠፋም የራዳርን ሞገድ መልሶ ያንጸባርቃል።

ይህ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር የጀርመንን ቪ-2 ሮኬቶች በራዳር ሲጠብቅ፣ ሮኬት ሳይኖርም ምልክት ይደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ በርናርድ ሎቬል የተባለው ሳይንቲስት፣ የማንቸስተር ትራሞች ሥራውን ቢያውኩበት፣ የጦር ራዳር ይዞ ጆድረል ባንክ ወደተባለ ገጠር ወጣ። የፈለገው የኮስሚክ ጨረርን ምልክት ነበር፤ ያገኘው ግን የተወርዋሪ ኮከቦችን ዱካ ሆነ። በኦክቶበር 1946 ሌሊት ተወርዋሪ ኮከቦች እንደ ዝናብ ሲወርዱ ዓይንና ራዳር አብረው መሰከሩ። በ1947 ደግሞ ራዳሩ በጠራራ ፀሐይ የሚወርዱ፣ ዓይን የማያያቸው ብዙ ተወርዋሪዎች መኖራቸውን ገለጠ። ዛሬም ሊቃውንት የዱካዎቹን መንሸራተት እየተከታተሉ በዚያ ከፍታ የሚነፍሰውን ነፋስ ይለካሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል! ምድር ጅራታም ኮከብ ብናኝ በጣለበት ጎዳና ባለፈች ቁጥር ውርጅብኙ በየዓመቱ በታወቀ ጊዜው ይመለሳል። ሞት ግን ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም።

ከራዳር በፊትም ቢሆን መልሱ ነበረን። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ኮከብ ሲወረወር ታላቅ ሰው ተወለደ ወይም ሞተ ይሉ እንደነበርና፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይወረወር ማስተማራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ቁርኣን ሸይጣናት ስለሚባረሩበት የነገረን ደግሞ የገይብ ጉዳይ ነው፤ እናምንበታለን። ራዳር የሚለካው የሚታየውን ብቻ ነውና አንዱን በሌላው አንመዝን።

ልጅቷን «ለአያትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ለአባትሽም ዱዓ አድርጊ» ብለን ሸኘናት። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ሰማይን አይተው ፈጣሪያቸውን ያስቡ እንጂ በከንቱ አይሸበሩ። ወላሁ አዕለም።