የበጀት ድርድርና የጥገኝነት ጠያቂዎች ዕጣ

ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ አሜሪካ የሸኘ ቤተሰብ በስልክ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ወረቀቱ ከምን ደረሰ?" የሚል። ጥገኝነት ጠይቆ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ለዓመታት የሚጠብቅ ሰው መልሱ በዳኛው እጅ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ዳኛው የሚፈርድበት ሕግ በተደጋጋሚ የተለወጠው ስለ ጥገኝነት በተካሄደ ክርክር ሳይሆን ስለ ገንዘብ በተካሄደ ድርድር ነው። ይህ አካሄድ ከስደተኛው መብት ብዙ ቀንሷል፤ ተቃውሞ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጀቱን በጊዜው ካላጸደቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በከፊል ይዘጋሉ፤ ሠራተኞችም ያለ ደመወዝ ይቆያሉ። በ2018 መጨረሻ ለድንበር ግንብ በተጠየቀ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ምክንያት መሥሪያ ቤቶቹ ለ35 ቀናት ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። የበጀት ሕግ የግድ መጽደቅ ያለበት በመሆኑ፣ ብቻውን ቢቀርብ በቂ ድምፅ የማያገኝ ሐሳብ በጀርባው ታዝሎ ያልፋል።

ታሪኩ ረዘም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት ጠቅላላ የበጀት ሕግ በውስጡ የኢሚግሬሽን ሕግ ይዞ ነበር። ጥገኝነት ጠያቂ አገሪቱ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት የሚለው ገደብ፣ እንዲሁም ሰዎችን ዳኛ ፊት ሳያቀርቡ በፍጥነት የመመለሱ ሥርዓት የመጡት በዚያ ሕግ ነው። በ2005 ደግሞ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት እንዲሁም ለእስያ የሱናሚ ተጎጂዎች ገንዘብ የመደበ ሕግ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ 100 ለ 0 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። በዚያው ሕግ ውስጥ የጥገኝነት ጠያቂዎችን የማስረጃ ሸክም የሚያከብድ ክፍል ተካቶ ነበር። ለወታደርና ለአደጋ ተጎጂ የተመደበን ገንዘብ መቃወም የደፈረ ሴናተር አልነበረም።

የዚህ ክፍል ጫና ለእኛ ወገኖች ግልጽ ነው። ዳኛው በአመልካቹ ቃል ውስጥ የሚያገኘውን ማንኛውንም አለመጣጣም፣ ከጉዳዩ ፍሬ ነገር ጋር የማይገናኝ ቢሆን እንኳ፣ እምነት ለመንፈግ ሊጠቀምበት ይችላል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። የታሰረበትን ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲመልስ የተሳሳተ ሰው፣ በቀን ስሌት ስህተት ብቻ ውሸታም ሊባል ይችላል። በሌሊት ከቤቱ የሸሸ ሰው የጽሑፍ ማስረጃ ይዞ መውጣት እንደማይችልም ግልጽ ነው።

ጉዳዩ በ2023 መጨረሻ እንደገና ተቀሰቀሰ። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ለዩክሬን፣ ለእስራኤልና ለድንበር ጥበቃ ወደ 106 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጠየቁ። ሪፐብሊካኖች የጥገኝነት ሕጉ ካልጠበቀ ለዩክሬን ገንዘብ አይለቀቅም አሉ። ሴናተር ጄምስ ላንክፎርድ፣ ክሪስ መርፊ እና ኪርስተን ሲኒማ ለወራት ተደራድረው በፌብሩዋሪ 2024 የ118 ቢሊዮን ዶላር ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ የመጀመሪያውን የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ መለኪያ ከፍ ያደርግ፣ ድንበር የሚያቋርጡ ሰዎች አማካይ ቁጥር በቀን 5 ሺህ ሲደርስም የጥገኝነት በሩን አብዛኛው እንዲዘጋ ያስገድድ ነበር።

ከዴሞክራቶች መካከል ረቂቁን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የካሊፎርኒያው ሴናተር አሌክስ ፓዲያ ነበሩ። ረቂቁ በሕፃንነታቸው ወደ አሜሪካ ለመጡ ወጣቶችም ሆነ ለእርሻ ሠራተኞች ምንም እፎይታ አልያዘም የሚለው አንዱ መከራከሪያቸው ነበር። ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። ለጦርነት የሚሰጥ ገንዘብ ወጪ ሆኖ ያልቃል፤ በምትኩ የተለወጠው የጥገኝነት ሕግ ግን ይቀራል። አላፊውን በዘላቂው መለወጥ የተስተካከለ ንግድ አይደለም። ለዚያውም ዋጋውን የሚከፍለው ሰው በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር የለውም።

ረቂቁ 49 ለ 50 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ዶናልድ ትራምፕ በመቃወማቸው አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች ድጋፋቸውን ነፍገውት ነበር። የዩክሬን ገንዘብ ከሁለት ወር በኋላ የድንበሩ ክፍል ሳይኖር ጸደቀ። ይህም የጥገኝነት ሕጉን ሳይነኩ ገንዘቡን መፍቀድ ይቻል እንደነበር ያሳያል። ነገር ግን በድርድር አንድ ጊዜ የተሰጠ ነገር ተመልሶ አይወሰድም። በጁን 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን በራሳቸው አዋጅ የጥገኝነት በሩን አጠበቡ፤ የመዝጊያው መለኪያም ከ5 ሺህ ወደ 2 ሺህ 500 ዝቅ አለ። በጁላይ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት የግብርና የበጀት ሕግ ደግሞ ለጥገኝነት ማመልከቻ 100 ዶላር፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ በየዓመቱ ሌላ 100 ዶላር፣ ለመጀመሪያ የሥራ ፈቃድም 550 ዶላር እንዲከፈል ደነገገ። አመልካቹ ቢያንስ 180 ቀን ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ አያገኝም። ሥራ የሌለው ሰው የሚከፍለውን ከዘመድ ወዳጅ ይለምናል ማለት ነው።

በእርግጥ የድንበሩ ጫና የፈጠራ ወሬ አልነበረም። በዲሴምበር 2023 ብቻ በደቡባዊው ድንበር ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተይዟል። ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ዴንቨር መጠለያ እንዳነሳቸው ተናግረዋል። የከተሞቹ ነዋሪዎች ቅሬታ ሊሰማ ይገባል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የተከማቸው ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገብም ሥርዓቱ እንደታመመ ይመሰክራል። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ዳኞችንና መርማሪዎችን መጨመር፣ የሥራ ፈቃድን ማፋጠን፣ ከተሞችንም መደገፍ ነው። እውነቱን ለመናገር የወደቀው ረቂቅ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይዞ ነበር። እነዚህ በባሕርያቸው የገንዘብ ጥያቄዎች ስለሆኑ የበጀት ድርድር ተገቢ ቦታቸው ነው። አንድ ሰው ከአደጋ ሸሽቶ መጠለያ የመጠየቅ መብቱ ግን የገንዘብ ጥያቄ አይደለም።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው እንደሚባለው፣ ሁለቱ ፓርቲዎች በበጀት ሲፋጠጡ ጉዳቱ የሚያርፈው ድምፅ በሌለው ሰው ላይ ነው። የጥገኝነት ሕግ ይሻሻል ከተባለ ራሱን ችሎ ይቅረብ፤ የሚመለከታቸው ይሰሙ፤ እያንዳንዱ እንደራሴም ስለ እሱ ብቻ በስሙ ድምፅ ይስጥ። ያኔ የሚወጣው ሕግ ጥብቅ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግን የልጁን ወረቀት በስልክ የሚጠይቀው ቤተሰብ ዕጣው በግልጽ ክርክር እንጂ በሌላ ዕቃ ዋጋ እንዳልተወሰነ ያውቃል።