ቀስ ብሎ የሞተ ገዳይ የለውምን?

ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ሻይ እየጠጣን ስለ አንዲት ኤሊ አሟሟት አነሣሁ። ወሬውን ገና ሳልጨርስ አንደኛው ጓደኛችን ብርጭቆውን ቁጭ አደረገና «ባክህ ተወን! ሰው በሚራብበት አገር ስለ ኤሊ ታለቅስልናለህ?» አለኝ። ሌሎቹ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ስወጣ ግን ሣቄ አሳፈረኝ። ለጓደኛዬ በሰዓቱ ያልሰጠሁትን መልስ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ እሰጣለሁ። ወቀሳዬ በእሱ ላይ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ እየቆየ ያየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐምና ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ደኅና ኑሮ ያለው የአንድ ቤተሰብ ልጆችን አስጠና ነበር። ግቢው ከበር እስከ በረንዳ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። መኪና በሚታጠብበት ጥግ አንዲት ኤሊ ነበረች። አባወራው ከድሬዳዋ ሲመለሱ መተሐራ አካባቢ አስፋልት ስትሻገር አግኝተው፣ «ለልጆች መጫወቻ ትሆናለች» ብለው በመኪና ጭነው ያመጧት ናት። እንዳትጠፋ ተብሎ የቅርፊቷ ጠርዝ በኋላ በኩል በመሰርሰሪያ ተበስቶ ሽቦ ገብቶበታል። የሽቦው ሌላ ጫፍ ከውኃ ቧንቧው ጋር ታስሯል። ርዝመቱን በእግሬ ለክቼዋለሁ፤ ሁለት እርምጃ ነው። ምግቧ ከገበታ የተረፈ እንጀራና የደረቀ ዳቦ ነበር። የምትጠጣው ደግሞ መኪና ሲታጠብ የሚወርደውን የሳሙና እጣቢ። ትንሹ ልጅ በላይዋ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ይወድ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መንቀሳቀስ ቀነሰች። ጥር ላይ ዓይኖቿ አበጡ። የካቲት ላይ አፍንጫዋ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ስገባ ቧንቧውም ሽቦውም አሉ፤ ኤሊዋ የለችም። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነው ብለን ስንጠብቅ ለካስ ሞታ ኖሯል። ሽታው ነው የነገረን» አለኝ። አባወራውን ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «አርጅታ ነው፣ ቲቸር።»

አርጅታ! ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ ሙያዬ አይደለም። ሆኖም ስለ ኤሊ ኑሮ ዋና ዋናውን ለማወቅ ሁለት ከሰዓት ብቻ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ በቅቶኛል። ይህንንም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ያነበብኩት ይህን ይላል። ገበሎ አስተኔ የሚባሉት እንስሳት፣ ማለትም ኤሊው፣ እባቡ፣ እንሽላሊቱ፣ አዞው፣ የሰውነታቸውን ሙቀት እንደኛ ከውስጥ አያመነጩም። ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ነው የሚቀበሉት። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም። አብዛኛው አዲስ አበባ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ቆላ የኖረች ኤሊ በእኛ በታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ስታድር የበላችው እንኳ በሆዷ አይፈጭም። ብርዱ ሲጠናባት ሳምባዋ ይታመማል። እንደኛ ድያፍራም ስለሌላት ደግሞ አስላ አክታዋን መትፋት አይሆንላትም። በአፍንጫዋ ላይ ያየሁት አረፋ ይኸው የሳምባ ሕመም ሳይሆን አይቀርም።

ልጆች ሳለን «ድንጋይ» የምንለው ቅርፊትም ድንጋይ አይደለም። ከጎድኗና ከአከርካሪዋ ጋር አንድ ሆኖ የበቀለ ሕያው አጥንት ነው። ደም ይዞርበታል፤ ነርቭም አለው። እሱን በመሰርሰሪያ መብሳት እንግዲህ ያለ ማደንዘዣ አጥንት መብሳት ማለት ነው። ምግቧ ሣርና ቅጠል እንጂ እንጀራና ዳቦ አይደለም። አጥንቷና ቅርፊቷ እንዲጠና ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካልሲየሙን ሰውነቷ እንዲቀበለው ደግሞ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አማካይነት ቫይታሚን ዲ መሥራት አለባት። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም። ስለዚህ «ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ አኖራታለሁ» የሚለውም ሰው አላዳናትም። ይህን ሁሉ ያጣች ኤሊ አጥንቷ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ይጣመማሉ፤ ቅርፊቷም ይበላሻል።

አሁን ወደ «አርጅታ ነው» እንመለስ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ቅድስት ሄለና በምትባለው ደሴት ጆናታን የሚባል ታላቅ ኤሊ አለ፤ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ወደ ደሴቲቱ በ1882 ሲመጣ ሙሉ ኤሊ ነበር። ዓይኑ ከታወረ በኋላ ከሳ፤ የአፉ ጠርዝ ዶልዱሞ ሣር መቁረጥ አቃተው። ለዚያ ሽማግሌ «አርጅቶ ነው» ማለት ከማንም ይልቅ ያምር ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ጉድለቱ የምግብ መሆኑን ተረድቶ አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ ያጎርሰው ጀመር። አፉም ተመልሶ ስለት አወጣ። እንግዲህ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ኤሊ እንኳ የተቸገረው በእርጅና ሳይሆን በምግብ ነበር። የእኛዋ በአምስት ወር ውስጥ አረጀች የሚባለው በምን ሂሳብ ነው?

ታዲያ እንዲህ ያለው ጥፋት እንዴት ሳይታይ ያልፋል? ምክንያቱ፣ እኔ እንደማየው፣ ዝምታዋና ዝግታዋ ነው። ውሻ ሲራብ ይጮኻል፤ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሣል። ድመት ታላዝናለች። አህያ እንኳ ጭነት ሲበዛባት መሐል መንገድ ላይ ተኝታ መኪና ታስቆማለች። ኤሊ ግን ስትራብ አትጮኽም። ለወራትም ሳትበላ መቆየት ትችላለች። ይህ ለድርቅ ዘመን የተሰጣት መከላከያ ነበር። በሰው ግቢ ውስጥ ግን ጠላት ሆነባት፤ «እሷ እኮ ምንም አትፈልግም» አሰኘባት። ውሻውን በሁለት ሳምንት በረሃብ የገደለ ሰው ጎረቤቱ ያማዋል። ኤሊን በአምስት ወር የገደለ ግን ሐሜት እንኳ አይነካውም። ጊዜው ስለረዘመ ጥፋቱ ከአጥፊው ይለያያል። በመጨረሻ ሬሳ እንጂ ገዳይ አይገኝም።

እኔ ግን ገዳይ አለ እላለሁ። ባለቤቱ ነው። እንስሳዋን ራሷን ከምትመግብበት መሬት ያነሣ፣ ሁለት እርምጃ ሽቦ ላይ ያሠረ ሰው የመመገቡን፣ የማሞቁንና የማሳከሙን ዕዳ በዚያው ሰዓት ተቀብሏል። ማንም አላስገደደውም። ያሠረ ያበላል፤ ካላበላ ይጠየቃል። ነገሬ ሁሉ ይኸው ነው።

ምክንያት ይደረደራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፣ «አላወቅንም» ነው። ሁለቱን የቤተ መጻሕፍት ከሰዓቶቼን የምታስታውሱ እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። እኚያ አባወራ መኪናቸውን ሲገዙ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግ ጠይቀው አውቀዋል። በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀየርም ያውቃሉ። ለኤሊዋ አንድ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ሳይፈልጉ ያጡት እውቀት እንዴት መከላከያ ይሆናል? በፈቃድህ ባመጣኸው ነፍስ ላይ «አላወቅሁም» ስትል ክሱን ራስህ ማንበብህ ነው።

ሁለተኛው፣ «እንወዳታለን፤ ልጆቹ ስም እንኳ አውጥተውላታል» ነው። አልጠራጠርም፤ ይወዷታል። ትንሹ ልጅ በሞተች ዕለት አልቅሷል አሉ። ነገር ግን የወደደ ሁሉ ተንከባካቢ ቢሆን ኖሮ ዓለም ሌላ ነበረች። የልጁ ለቅሶ የአባቱን ዕዳ አይከፍልም። እንዲያውም የከፋው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በዚያ ግቢ የተማረው ትምህርት እኔ ካስጠናሁት ሂሳብ ይልቅ ይቆየዋል። የተማረውም «የያዝከው ነገር ሲያልቅ ሌላ ይመጣል» የሚል ነው።

ሦስተኛው የጓደኛዬ ነው። ሰው በሚራብበት አገር! በዚህ ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ በር የለም። ስለ ዛፍ ስታነሣ፣ ስለ መጽሐፍ ስታነሣ፣ ስለዚህች በስቴንስል ተባዝታ ስለምትወጣ መጽሔታችን ስታነሣ ይኸው ይጠቀስልሃል። የሚጠቅሰው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ለተራበውም አንድ ነገር አላደረገም። ይህን የምለው ወዳጄን ለማስቀየም አይደለም፤ ራሴም ብያለሁና። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። ያቺ ኤሊ ከተራበ ሰው አፍ ጉርሻ ንጠቁልኝ አላለችም። መተሐራ ሳለች ማንንም ሳትለምን ሣሯን እየጋጠች ትኖር ነበር። ያስራቧትም የተራቡ ሰዎች አይደሉም፤ መኪናቸውን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያሳጥቡ ናቸው። የተራበውንማ ብናነሣ፣ ከገጠር የመጣን ሁላችን እናውቀዋለን። ገበሬው በክፉ ቀን እንኳ ከእርሻ ሲመለስ ቀንበሩን አውርዶ ለበሬው ጭድ ሳያቀርብ እራት አይቀርብም። ድህነት ግዴለሽነትን አላስተማረውም። እኛ ከተማ ገብተን ነው የተማርነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን በ1999 ዓ.ም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቶ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንንና መያዝን ከልክሏል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም የገባችበት ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም የምድር ኤሊን ወገን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ሆኖም የሚመለከተው ድንበር የሚሻገረውን ነው እንጂ በቧንቧ የታሰረችውን አይደለም። ሕግ ሁሉ እንስሳዋን ለማዳን ይወጣል ማለትም አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከሉት ሕፃናት ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ ስለያዛቸው ነው። ልጁን ጠበቁ፤ ደግ አደረጉ። ኤሊዋ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ የበሽታ ምንጭ እንጂ ባለ ጉዳይ አልነበረችም። የእንግሊዞች የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከዚህ ይሻላል። በሰው እጅ ያለ ባለ አከርካሪ እንስሳን ሁሉ ይመለከታል፤ ገበሎ አስተኔውም አልቀረም። ባለቤቱንም «መታኸው ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቀውም። «የሚስማማውን መኖሪያና ምግብ ሰጠኸው ወይ? ከሥቃይና ከበሽታ ጠበቅኸው ወይ?» ይለዋል። ማድረግ ሲገባ አለማድረግ ራሱ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ አስተሳሰብ ነው። ለዚህ ደግሞ ፓርላማ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አያስፈልገንም።

እስካሁን ባለቤቱን ወቀስኩ። አሁን ተራው የኔ ነው።

አምስት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን አይቻታለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ እሱንም እየፈራሁ፣ «ጋሼ፣ ሽቦው አያማትም?» አልኩ። «ድንጋይ ምን ያመዋል፣ ቲቸር!» ብለው ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ለምን? ደመወዜ በወሩ መጨረሻ ከእሳቸው እጅ ነበር የሚመጣው። ጫማዬ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ቤተ መጻሕፍት የገባሁት እንኳ ከሞተች በኋላ ነው። ሽቦው ሲገባ አልነበርኩም፤ ሽቦው እንዲቆይ ግን ዝምታዬን አዋጥቻለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ልጅ ሕሊና ስንት ገጽ እንጽፋለን! ሕሊናችን ሁለት እርምጃ ሽቦ አላለፈም።

ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ መንገድ ላይ ያገኛችኋትን ኤሊ መኪና እንዳይገጫት በምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት እንጂ ይዛችኋት አትምጡ። በቤታችሁ ያለች ካለች ሽቦውን ፍቱ። አፈርና ሣር፣ ቀጥተኛ ፀሐይ፣ የምትጠለልበት ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ለሌሊቱም ደረቅና ሞቃት መጠለያ ስጧት። ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። መያዝ ካቃታችሁ «ነፃ አወጣኋት» ብላችሁ እንጦጦ ላይ አትጣሏት፤ እንጦጦ ከግቢያችሁም ይበርዳል። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አስታውቁ። በሌላ ሰው ግቢ፣ ወይም ሻይ በምትጠጡበት መናፈሻ ካያችሁ ደግሞ ባለቤቱን ጠይቁ። ምን ትበላለች? የት ታድራለች? ሐኪም መቼ አያት? ሦስቱን ጥያቄ ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

እኔ አሁንም እዚያ ቤት አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጅ ደብተሩን እየዘጋ፣ «ቲቸር፣ አባዬ ድሬዳዋ ሄዷል፤ ሌላ ኤሊ ያመጣልናል» አለኝ። አባቱ ዓርብ ይመለሳሉ። እኔ የማስጠናው ቅዳሜ ነው። ኤሊ ይዘው ቢመጡም ባይመጡም ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ከመከፈቱ በፊት ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ምናልባት ሌላ አስጠኚ ይፈልጉ ይሆናል። ይፈልጉ። በሚቀጥለው እትም ምን እንዳሉኝ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ ደግሞ ያ ጓደኛዬ ከምሳ በኋላ በሁላችሁ ፊት ይጠይቀኝ።