ቀነ ገደብ መሣሪያን አይፈትንም

መንግሥት ያወጣው ደንብ እንዳልሠራለት ሲያይ ምን ማድረግ ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምፈልገው ዛሬ ከፓርላማ አዳራሽ ወጥቼ ከአውሮፕላን አብራሪዎች ክፍል ነው።

አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለረጅም ዘመን የተግባቡት በድምፅ ሬዲዮ ነው። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ከተናገሩ ግን መልእክት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ላለቁበት አደጋ አንዱ ምክንያት ይኸው የተደራረበ ንግግር ነበር። ዳታ ሊንክ የተባለው ዘዴ መልእክቱን በጽሑፍ ወደ አብራሪው ስክሪን ስለሚልክ ይህን ችግር ያቃልላል።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ደንብ ከ28,500 ጫማ በላይ የሚበርሩ አብዛኞቹ አውሮፕላኖች እስከ ፌብሩዋሪ 2015 ይህን መሣሪያ እንዲገጥሙ አዘዘ። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በበረራ መካከል እየተቋረጠ አስቸገረ። የኅብረቱ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ጉዳዩን መርምሮ በ2014 ሪፖርት አቀረበ፤ ኮሚሽኑም በ2015 ቀነ ገደቡን ወደ 2020 አራዘመ። በ2016 የወጣ ጥናትም አንድ ሞገድ ለሁሉም እንደማይበቃ አረጋገጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

እንደኔ እምነት ስሕተቱ የግምገማ ስሕተት ነበር። መሣሪያ በቤተ ሙከራ ብቻውን ሲፈተን ማለፉ፣ ብዙ አውሮፕላኖች አንዱን ሞገድ በሚሻሙበት ሰማይ ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም። ከዚህም ሌላ ሰው አለ። መልእክት የሚያነብ አብራሪ ዓይኑን ከመስኮቱ ያነሣል፤ ተቆጣጣሪው ለሌሎች አውሮፕላኖች የሚናገረውንም አይሰማም። በቴኔሪፍ የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ የሌላውን አውሮፕላን ንግግር በሬዲዮ ሰምቶ መንገዱ ነፃ ስለመሆኑ ጠይቆ ነበር፤ አዛዡ ጥርጣሬውን ውድቅ አደረገበት እንጂ። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ለጥያቄው መነሻ እንኳ ባላገኘ ነበር። አስቸኳይ ጉዳይ ዛሬም በድምፅ መነገሩ ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ኮሚሽኑ ቀነ ገደቡን በማራዘሙ አልወቅሰውም፤ ስሕተትን ማመን የመንግሥት ብስለት ነው። የምወቅሰው ፈተናው ከትእዛዙ በኋላ በመምጣቱ ነው፤ ቀድመው የታዘዙት አየር መንገዶች ገንዘባቸውን ካፈሰሱ በኋላ። ቀን መቁረጥ ሥልጣን ላለው ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ፣ «አይሠራም» የሚለውን ባለሙያ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ማዳመጥ ነው። አንባቢዬ ነገሩ ስለ አውሮፕላን ብቻ እንዳልሆነ ሳይገነዘብ አይቀርም።