«ሦስቱ ይይዛል፣ አብሽር!»

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው ስለ ፍሬን ነው። «ደግሞ ስለ ፍሬን ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሁሉ ይመለከታችኋል።

የነገሩ መነሻ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ መኪና ሲስል ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ! አሁን ውጭ አገር ነው ያለው። በትርፍ ጊዜው አሮጌ ማዝዳ እያደሰ ከመሰሎቹ አማተሮች ጋር ይወዳደራል። ባለፈው በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ያኔ ሰሌዳ ላይ ያስተማሩን ሚዛን ይኸውና መኪናዬ ውስጥ!» ይላል።

እውነቱን ነው። ከፍሬን ፔዳሉ ጋር የተያያዘች አንዲት አጭር ዘንግ አለች። አንዱ ጫፏ የፊት ጎማዎችን ፍሬን ይገፋል፣ ሌላው የኋላዎቹን። የእግሩ ግፊት የሚያርፍበትን ነጥብ፣ ቁልፍ እያዞረ ወደ አንዱ ጫፍ ያስጠጋዋል። ነጥቡ የቀረበው ጫፍ ብዙውን ኃይል ይወስዳል። ሁለት ሰዎች ከባድ ዕቃ በእንጨት አንጠልጥለው ሲሸከሙ፣ ዕቃው ወደ እሱ የቀረበው ሰው ይከብደው የለ? እንደዚያው ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚጨነቀው? ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ሚኒባስ ድንገት ሲቆም ሁላችንም ወደ ፊት እንደምንደፋው። ያኔ የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ከኋላው በልጦ መሥራት አለበት፤ ግን ልክ አለው። የፊቱ ቀድሞ መሽከርከር ካቆመ መሪ አይታዘዝም፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። የኋላው ቀድሞ ካቆመ ደግሞ የባሰ ነው፤ መኪናው ከኋላው ዞሮ ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል። ዝናብ ሲሆን መንገዱ ስለሚያዳልጥ እንደ ደረቁ አጥብቆ ማቆም አይቻልም፣ ወደ ፊት የሚሄደውም ክብደት ያንሳል። ልጁ ያኔ ቁልፏን ትንሽ ወደ ኋላ ያዞራታል። ከውድድር በኋላ ጎማ አውልቆ የአራቱንም ሸራ ውፍረት ይለካል፣ ዘይት ይቀይራል፣ አየር ያስወጣል። ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ ወደ ሜዳ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው እንግዲህ! ብቻውን፣ ሄልሜት አድርጎ፣ በተዘጋ መንገድ ለሚነዳ ሰው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጋቢና ነበር የተቀመጥኩት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከፊታችን አንድ ባጃጅ ድንገት ቆመ፣ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ ወደ ግራ ተወረወረ፤ ሽቅብ እየመጣ ወዳለ አይሱዙ! ከኋላዬ አንዷ «ያ አላህ!» ስትል ሌላዋ «እመቤቴ!» አለች። ሹፌሩ መሪውን እንደምንም መለሰው። አይሱዙው ክላክሱን እያንጫረረ ለጥቂት አለፈን።

ትንፋሼ ሲመለስ «ምን ሆኖ ነው ወደ ግራ የሄደው?» አልኩት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። «የኋላ ቀኙ ዘይት ያፈስ ነበር፣ መካኒኩ መስመሩን ዘጋልን። ሦስቱ ይይዛል፣ አብሽር መምህር!»

«መቼ ነው የተዘጋው?»

«ከፋሲካ በፊት።»

ልብ በሉ፣ ይህን የምንነጋገረው በክረምት ነው። ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያየኛል። ምርመራ በተደረገበት ቀን ምናልባት አራቱም ጎማ በደንብ ይዞ ይሆናል። ቦሎ የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ፍሬን ግን በየቀኑ የሚያልቅ ነገር ነው።

«ሦስቱ ይይዛል» የምትለዋ ነገር ሒሳብ ትመስላለች። ከአራት ሦስት፣ 75 በመቶ፤ ለፈተና ቢሆን ጥሩ ውጤት ነው። ፍሬን ግን በድምር አይሠራም፣ በሚዛን ነው የሚሠራው። የኋላ ግራው ይዞ የኋላ ቀኙ ዝም ሲል መኪናው የሚቆመው በአንድ በኩል ብቻ ተጎትቶ ነው። በደረቅና ሜዳ መንገድ ሹፌሩ መሪውን ትንሽ ያዝ አድርጎ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ጉድለቱን ራሱ ይረሳዋል። ዝናብና ቁልቁለት የተገናኙ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ደግሞ የእኛ ቁልቁለት ቀላል አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 600 ሜትር ሲወርድ ከ17 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ይለቃል። ይህ ጉልበት በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። (የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ ቢሆንም ጀሪካንን እናውቀዋለን መቼም!) የተወሰነውን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ከወረደ ግን ሞተሩ ምንም አያግዝም፣ ሙቀቱ አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ሊደርስበት ይርቀዋል፣ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። አንዱ ጎማ ከተዘጋ ደግሞ የእሱ ድርሻ ለሦስቱ ይከፋፈላል፤ እነሱም ይበልጥ ይግላሉ።

ዘይቱም አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ከፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ሲባል ድንገተኛ መዓት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ከወራት በፊት ጋራዥ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። መኪናው የእሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ሒሳብ አለበት። መለዋወጫ ተወዷል፣ መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የለም። መካኒኩም «ዝጋልኝ» ተብሎ ነው የዘጋው። ሁሉም ለራሱ በቂ ምክንያት አለው። ምክንያቶቹ ተደማምረው የሚያርፉት ግን ምንም ባልተነገረው ተሳፋሪ ላይ ነው። እኔ ዋጋ ከፍዬ ስሳፈር አራት ፍሬን ያለው መኪና የተሳፈርኩ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው።

ባለንብረቶች፦ ፍሬን የሚሠራበት ቀን ሒሳብ አትጠይቁ። ያችን የአንድ ቀን ገቢ ስትተዉ ሹፌሩ ችግሩን መደበቁን ይተዋል።

መካኒኮች፦ መስመር መዝጋት ጥገና አይደለም። የሚያፈሰው ሲሊንደር ይቀየር፣ ሸራም ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። በአንዳንድ መኪኖች የኋላ አክሰል ላይ ጭነት ሲጨምርና ሲቀንስ የኋላውን ፍሬን የምታመጣጥን ቫልቭ አለች። «ታስቸግራለች» ብላችሁ አትሰሯት። የውድድር መኪናው ቁልፍ የምትሠራውን ሥራ ለእኛ የምትሠራልን እሷ ናት።

ሹፌሮች፦ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ። ጠዋት ጠዋት ባዶና ሜዳ ቦታ ላይ፣ በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ላላ አድርጉት። ወደ አንድ ወገን ከሳበ ጋራዥ እንጂ ተራ አትግቡ። መናኸሪያ ያላችሁ ተራ አስከባሪዎችም ይህችን የአምስት ደቂቃ ሙከራ ብታዩ ስንት ነፍስ ታተርፋላችሁ።

ተሳፋሪዎች፦ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ ጎን ከሄደ ዝም አንበል። እኔ ያን ቀን ኮምቦልቻ ደርሼ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን» ተባብለን ስንለያይ፣ ቀሪውን ሒሳቤን ተቀብዬ ወረድኩ። ሰውየው ጭኖ ተመለሰ። ለማንም አልተናገርኩም። ክፍል ገብቼ ስለ ኃይልና ስለ ሚዛን ሳስተምር ያ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይህን የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

ተማሪዬ ለዋንጫ ብሎ አራቱን ጎማ ይለካል። እኛ እናቶቻችንን ጭነን «ሦስቱ ይይዛል» እንላለን።

የምታውቁት ሹፌር፣ ባለንብረት ወይም መካኒክ ካለ አድርሱልኝ። መካኒክ የሆናችሁ ተማሪዎቼም የተሳሳትኩት ካለ ኮመንት ላይ አርሙኝ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። በሰላም ግቡ።