የአምስት ድስት ሽሮ

በየቤታችሁ በሳምንት ስንት ቀን ሽሮ እንደሚሠራ እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩት። በጾም ወራት ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ይሁንና ይህን ያህል የምናዘወትረውን ምግብ ጎረቤታችን እንዴት አድርጋ እንደምትሠራው ቀምሰን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ዶሮ ወጥ ነው። ሽሮ ግን ከጓዳ ሳይወጣ የቤት ገበና ሆኖ ይቀራል።

እኛ በአንድ ግቢ የምንኖር አምስት ሴቶች ባለፈው ዓቢይ ጾም ይህን ገበና ለመግለጥ ተስማማን። አንዷ መምህርት ናት፤ ሁለተኛዋ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ፤ ሦስተኛዋ የአራት ልጆች እናትና የቤት እመቤት፤ አራተኛዋ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አዛውንት፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ደንቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዷ በቤቷ ካለው ነገር ብቻ አንድ ድስት ሽሮ ሠርታ ታመጣለች፤ ለዕለቱ ተብሎ የተለየ ነገር መግዛት ክልክል ነው። ይህን ያልነው ሙያዋን ለማሳየት ብላ ብድር የምትገባ እንዳትኖር ነው። እንጀራው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ድስቶቹም በቁጥር እንጂ በስም የማይታወቁ ሆኑ። ለራስ ድስት ድምፅ መስጠት አይፈቀድም።

1ኛው ድስት ምጥን ሽሮ ነበር፤ በርበሬው የቀላ፣ የኮረሪማውና የበሶብላው ሽታ ገና ክዳኑ ሲነሣ የሚያውድ። 2ኛው በርበሬ ያልነካው ነጭ ሽሮ ሲሆን ሊወርድ ሲል ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበታል። 3ኛውን ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ጓጉሏል፣ የእኔ ነውና። 4ኛው የለሰለሰና ጣፈጥ ያለ ነበር። 5ኛው ቀጠን ያለ ነው፤ አራት ልጅ የሚመግብ ድስት እንዲህ መሆኑ አይቀርም። ሆኖም ሽንኩርቱ አስቀድሞ ያለ ዘይት በዝግታ ስለበሰለ ቅጥነቱ አላስታወቀም። ዘይት በተወደደ ጊዜ ይህን ዘዴ መያዝ ይጠቅማል።

ድምፅ ሲቆጠር ከባለቤቷ በቀር አራታችንም የመረጥነው 4ኛውን ሆነ። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ጎረቤታችን በእልልታ መካከል ብድግ አለች። እትዬ ግን አንድ ጉርሻ ደግመው ቀመሱና ዝም አሉ። ቆይተው፣

«ልጄ፣ ምን ምን ገብቶበታል?» ሲሉ ጠየቋት።

«ዱቄቱን ከሱቅ ነው የምገዛው እትዬ። ከሥራ የምገባው በ12 ሰዓት ነው፤ ማን ይለቅምልኛል? ማን ያምስልኛል? ዋጋውም ረከስ ይላል። ዓመት ሙሉ ልጆቼን የማበላው እሱን ነው» አለች።

«ጣዕሙን አውቀዋለሁ። እኛ አገር ጓያ ሲገባበት እንዲህ ይጣፍጣል» አሉ እትዬ።

እልልታው ቀዘቀዘ። ጎረቤታችን በማግስቱ ሻጩን ጠየቀችው። እሱም ሳይደብቅ አተር ሲወደድ ጓያ እንደሚቀላቀልበት ነገራት። ምን ያህል እንደሚገባ ግን ሊነግራት አልቻለም።

እህቶቼ፣ ጓያን የማታውቁ ብትኖሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ውኃ በተኛበት መሬትም የሚበቅል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ለገበሬው የሚደርስ እህል ነው። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወራት በተከታታይ ከተበላ እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል፤ የተጎዳውን እግር ወደነበረበት የሚመልስ መድኃኒትም የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት አካባቢ ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣቶች፣ በዚህ ምክንያት እግራቸው ተይዟል። አንዳንድ ሰው ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ነው ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳው መበላቱ ነው።

ይህን የምንለው ለማስደንገጥ አይደለም። ጥቂት ጓያ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ አልፎ አልፎ ቢበላ ሰው ይሽመደመዳል ማለት አይደለም። የጎረቤታችንም ልጆች ደኅና ናቸው። ችግሩ ልጆቻችን በቀን ሁለት ጊዜ የሚበሉት ሽሮ ውስጥ ስንት እጁ ጓያ እንደሆነ አለማወቃችን ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ በዓይን አይለይም። በምላስም ቢሆን ከእትዬ በቀር አራታችንም ተታለናል፤ እንዲያውም አንደኛ ያወጣነው እሱን ነው።

«ጊዜ ወስደሽ ራስሽ አዘጋጂ» ብለን ብንመክራት ቀላል ነበር። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት ላይ የምትውል እናት ያን ጊዜ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ሌላ መላ ፈለግን። አምስታችን ገንዘብ አዋጥተን 10 ኪሎ አተርና 7 ኪሎ ሽምብራ፣ በድምሩ አንድ ፈረሱላ እህል ገዛን። ቅዳሜ ማታ ለቀማ ሆነ። የመምህርቷ ባልና የፋብሪካ ሠራተኛዋ የበኩር ልጅም ከሰፌድ ፊት ተቀመጡ፤ እህል መልቀም የሴት ብቻ ሥራ ነው የሚል ሕግ የለምና። እሑድ ታመሰ፣ ተከካ፣ ገለባው ተነፈሰ። እትዬ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውንና ነጭ አዝሙዱን መጠኑ። ሰኞ ወፍጮ ቤት ገባ። ለአንዳንዳችን ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ሽሮ ደረሰን፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትሠራው ቀናት የሚፈጅባት ሥራ በሁለት ቀን ዕረፍታችን አለቀ።

እናንተም በየግቢያችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህን ብትሞክሩ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በተቻለ መጠን ፍሬውን ግዙ። ጓያ እንደ አተር ድቡልቡል ሳይሆን ማዕዘን ያለውና ሽብልቅ የሚመስል ስለሆነ በለቀማ ጊዜ ይለያል።

ሁለተኛ፣ ዱቄት መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ምን ምን እንደገባበት ጠይቁ። ዋጋው ከአተሩ ዋጋ በታች ከሆነ በምን ረከሰ በሉ።

ሦስተኛ፣ ጓያ መብላት የግድ የሚሆንበት ቤት ካለ ፍሬውን አሳድሮ መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት፣ ከሌላ እህልም ጋር ማብዛት ጉዳቱን ይቀንሳል። ፈጽሞ ያጠፋዋል ብላችሁ ግን አትዘናጉ።

አራተኛ፣ እንደ እኔ ሽሮው ለሚጓጉልባችሁ፦ ዱቄቱን በሚፈላ ውኃ ላይ በአንድ ጊዜ አትነስንሱ። አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፤ ከዚያ ቁሌቱ ላይ ጨምራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ይህን ያስተማረችኝ የአራት ልጆች እናት የሆነችው ጎረቤቴ ናት።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ ብቻ ተይዞ ሲቀር ግን ለጎረቤት አይተርፍም፤ የእትዬም እውቀት ያን ዕለት ባንሰበሰብ ኖሮ ከእርሳቸው ጓዳ ባልወጣ ነበር። በጾሙ ማብቂያ ላይ አምስት ድስት ይዘን ደግመን ተገናኘን። ዱቄቱ አንድ ስለነበር የተወዳደረው እጃችን ብቻ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ጎረቤታችን በዚህኛው ሦስተኛ ወጣች። «አንደኛ ከወጣሁበት ቀን ይልቅ ዛሬ ደስ ብሎኛል» አለችን፤ የተረፈውንም ለልጆቿ ይዛ ገባች።