የ20 ዩሮ ትኬት እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው?

"ከሚላን ለንደን በ20 ዩሮ" የሚል ማስታወቂያ ስናይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንለው "እነዚህ ሰዎች አይከስሩም እንዴ?" ነው። አንዳንዶቹ ከስረዋል። የአየርላንዱ ራያንኤር ግን በዚሁ ዋጋ ከአውሮፓ አየር መንገዶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚያጓጉዝ ሆኗል። እንዴት? እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሩን የከፈተው ሕግ ነው። በ1990ዎቹ የአውሮፓ ኅብረት የአየር ትራንስፖርት ገበያውን ነፃ አደረገ። ራያንኤር ደግሞ የአሜሪካውን ሳውዝዌስት አሠራር ወስዶ ጠበቀ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አውሮፕላኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦይንግ 737 ናቸው፤ ስለዚህ ሥልጠናውም፣ መለዋወጫውም፣ ጥገናውም አንድ ዓይነት ይሆናል። አውሮፕላኑ አርፎ፣ መንገደኛ አራግፎና ጭኖ በ25 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ይፈለጋል፤ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገንዘብ አያመጣማ! ከከተማ የራቀና ክፍያው አነስ ያለ ኤርፖርትም ይመረጣል።

የቀረውን እኛው እንሞላለን። እስከ ማርች 2025 በነበረው የበጀት ዓመት ራያንኤር 200 ሚሊዮን መንገደኛ አጓጉዞ 14 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አስገብቷል። ትኬቱ በአማካይ 46 ዩሮ አካባቢ ነበር። ከገቢው አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 4.7 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆነው ግን የመጣው ከሻንጣ፣ ከመቀመጫ ምርጫና አየር ላይ ከሚሸጠው ነገር ነው። የስፔን መንግሥት በ2024 አምስት አየር መንገዶችን በእጅ ሻንጣና መሰል ክፍያዎች ምክንያት 179 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ለዚህ ነው። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ተወዳዳሪዎቹስ? የእንግሊዙ ኢዚጄት በዋጋ ብቻ ፊት ለፊት መጋጠሙን ትቶ ዋና ዋና ኤርፖርቶችን ያዘ፤ በረራና ሆቴልን አንድ ላይ አድርጎም ይሸጣል። በ2024 ካገኘው 610 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ 190 ሚሊዮኑ ከዚሁ የእረፍት ጉዞ ሥራ ነው።

የሃንጋሪው ዊዝ ኤር ደግሞ በምሥራቅ አውሮፓና በአዳዲስ ኤርባሶች ላይ ቆመ። ነዳጅ ቆጣቢ ናቸው፣ ብዙ ሰው ይጭናሉ። ግን በ2023 የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ላይ የማምረቻ ጉድለት ተገኘና ከ40 በላይ አውሮፕላኖቹ ለምርመራ ቆሙ። ወጪ የቀነሰለት "አንድ ዓይነት አውሮፕላን" የሚለው ስልት መልሶ አሰረው። ሙቀቱም ሞተሮቹን ስለጎዳ በ2025 የአቡዳቢ ሥራውን ዘጋ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ውድድር በዋናነት "ማን ርካሽ ሸጠ" የሚል አይደለም፤ "ዋጋ ወርዶ ማን ረዘም ላለ ጊዜ መተንፈስ ይችላል" የሚል ነው። በ2017 ኤር በርሊንና ሞናርክ ወደቁ። ሞናርክ ሲዘጋ ውጭ አገር የቀሩ በርካታ መንገደኞችን ወደ አገራቸው የመለሰው የእንግሊዝ መንግሥት ነው።

የተረፈው ደግሞ ጉልበት ያገኛል። ራያንኤር በ2025 "ክፍያው በዛ" ብሎ ከስፔን ሄሬዝና ቫያዶሊድ ወጣ። ለእሱ ሁለት ኤርፖርት ናቸው፤ ለከተሞቹ ግን ቱሪስትና ሥራ ነው። ስለዚህ ርካሽ ትኬት ርካሽ ሆኖ የሚቆየው ተፎካካሪ እስካለ ብቻ ነው።

አውሮፓ ላላችሁ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ አየር መንገዶች ሄዳችሁ፣ ለብቻው በተገዛ ትኬት ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ፣ ሁለቱ ጉዞዎች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው በአብዛኛው የራሳችሁ ነው። ሻንጣውንም ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። የኤርፖርቱን ስምም አጣሩ፦ "ፍራንክፈርት ሃን" ከዋናው የፍራንክፈርት ኤርፖርት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል!

"ግዛ" የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ሻንጣውን፣ የአውቶቡሱን ብርና የመጠበቂያ ሰዓቱን ደምሩ። ከዚያ በኋላም ርካሽ ከሆነ፣ መልካም መንገድ።

እናንተስ በ20 ዩሮ ትኬት ጀምራችሁ ስንት ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።