«ከዳተኛ» የምንለው ማንን ነው?

«ከውትድርና ጠፍቶ፣ አገሩን ከድቶ የመጣ ሰው እዚህ ሥራና መኖሪያ ሊጠይቅ አይገባም።» ይህ አባባል በወጣቶች ኅብረቶቻችን እየተለመደ ነው። የሚነገረው ከኤርትራ ሸሽተው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ወጣቶች ነው። ከእነርሱም አብረውን የሚዘምሩ፣ አብረውን የጌታን እራት የሚወስዱ አሉ። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ከክርስቲያን አፍ ሲወጣ ደግሞ ኃጢአት ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ። የኤርትራ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው አዋጅ መሠረት ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው፤ 6 ወር ሥልጠና፣ 12 ወር አገልግሎት። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአገራችን ጋር ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ግን የመሰናበቻው ቀን ጠፋ። ተማሪው 12ኛ ክፍልን ሳዋ ማሠልጠኛ ገብቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይሰናበት የሚቆይ አለ። የሚከፈለው ቤተሰብ አያኖርም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከእስልምና በቀር የሌሎች ቤተ እምነቶች በር ተዘግቷል። እንደ እኛ ያሉ አማኞች በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ታስረዋል።

«ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣን ተገዙ ይላል» የሚል ወንድም አለ። እኔም ወታደርነት ኃጢአት ነው አላልኩም። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮችን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ሰውን እንዳይበድሉና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ነገር ግን 18 ወር ያለውን የገዛ ሕጉን ያፈረሰው ማን ነው? ወጣቱ ነው ወይስ መንግሥቱ? ደግሞስ ሮሜ 13 ለኤርትራዊ ብቻ ነው የተጻፈው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛን ስቃይ ወደሚጠብቀው አገር መመለስን ይከለክላል፤ የመሥራትንም መብት ይሰጠዋል። የሥራ ፈቃዱን በእጅ ማስገባት ብዙ ውጣ ውረድ አለው፤ መብቱ ግን በሕግ ተጽፏል። ለሕግ እንገዛ ካልን ለዚህም እንገዛ።

ታሪካችንንም አንርሳ። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ አገልግሎቱ 30 ወር ነበር። አፈሳ ሲመጣ ልጆቻቸውን የደበቁ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሻገሩት ወንድሞች ካርቱምና ናይሮቢ ሠርተው በልተዋል፤ ለቤተሰብም ልከዋል። እነርሱ ያን ዘመን ሲያወሩ «ጌታ አወጣችሁ» ብለን እናጨበጭባለን። ለእኛ ሲሆን ምስክርነት፣ ለጎረቤት ሲሆን ክህደት የሚባል ሽሽት የለም።

«የእነርሱ ጦር ትግራይ ገብቶ ያደረገውን አላየህም?» የሚልም አለ። በደሉ እውነት ነው፤ የሚያለቅሱ እናቶችን እንባ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ሸሽቶ የመጣው ልጅ ያንን ጠመንጃ አልይዝም ያለው ነው። ጠመንጃውን የጣለውን ሰው ጠመንጃውን በያዘው በደል መክሰስ ፍርድን ማጣመም ነው።

«የእኛ ልጆች ሥራ አጥተው?» ለሚለውም መልስ አለኝ። ሥራ መጥፋቱን እኔም ከማስተምራቸው ወጣቶች አውቃለሁ። ግን ስደተኛው ያለ ውል፣ በግማሽ ደመወዝ ሲሠራ የሚጠቀመው ማን ነው? አሠሪው ነው። ወር ሞልቶ ቢከለከል የት ሄዶ ይከስሳል? እርሱን በግማሽ ዋጋ ማሠራት የለመደ አሠሪ ነገ ለእናንተም ሙሉውን አይከፍልም። ስለዚህ የእርሱን ደመወዝ ማስከበር የእናንተን ማስከበር ነው። በቤይሩትና በሪያድ ደመወዛቸውን ስለተከለከሉ እህቶቻችን እንጸልያለን። ያንኑ እዚሁ የሚያደርገው ሰው ከእኛው ጋር «አሜን» ሲል ዝም እንላለን? ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ደመወዝ ነው።

የሙሴ ሕግ በዘዳግም 23 ከጌታው አምልጦ የመጣን አገልጋይ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ሰውየው ራሱ በወደደው ስፍራ እንዲኖር፣ ማንም እንዳያስጨንቀው ያዛል። እግዚአብሔር ይህን ያዘዘው ራሳቸው ከግብፅ ያመለጡ ሰዎችን ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ «ከዳተኛ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። በየኅብረታችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ይህን ሥራ ያዙ፦ ስደተኛው ቤት ሲከራይ በውሉ ላይ ምስክር ሁኑ፤ ሥራ ሲያገኝ ደመወዙ በጽሑፍ እንዲሰፍር አብራችሁት ሂዱ፤ ለመታወቂያና ለፈቃድ ሲመላለስ አማርኛው ቢያስቸግረው አስተርጉሙለት። አሠሪው የቤተ ክርስቲያናችን አባል ከሆነና ደመወዝ ከከለከለ፣ ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቅርቡ። በዚህ ክረምት እንጀምር።